ከአምፖሉ ሥር

«ትንሽ ገርጣ ብትል ጥሩ ነበር።»

ኃይለመስቀል ይህን ያለው በስልክ ነው። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው ኮምፔርሳቶ ደግሞ ዕቃ ይጋርዳል እንጂ ወሬ አይጋርድም። ፀደንያ ከወዲህ በኩል ሆና የካሜራውን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ እየወለወለች ነበር፤ እጇ ባለበት ቆመ። «ኧረ ታማለች፤ እንዴት አልታመመችም ትላለህ! ግን ስታያት አታስታውቅም። ፊቷ ሞልቷል። እብጠት ነው እሱ፤ ሰው ግን ጠግባ ይመስለዋል። ወንድሜ፣ ሰው እጁን ወደ ኪሱ የሚሰደው ሲያዝን ነው፤ ሲያደንቅ ማን ይሰጣል?» ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረና የቀረውን ዋጠው። ፀደንያም የወለወለችውን ሌንስ እንደገና መወልወል ያዘች።

መቼስ ሰው ቃሉ ብቻውን ሲሰማ ክፉ ይመስላል። ኃይለመስቀል ክፉ አልነበረም። የእትዬ በዛወርቅ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቦንጋ ውስጥ ከቢሮ ቢሮ ፋይል ሲያመላልስ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። የእህቱ ኩላሊት መድከሙ ከተነገረ ወዲህ ለእጥበት ጅማ የሚያመላልሳት እሱ ነው። ሞተር ብስክሌቱን ለዚሁ ሸጦ፣ አሁን ቆዳ ጫማውን በፌስታል ይዞ፣ በቦት ጫማ ጭቃውን እያቋረጠ ነው ቢሮ የሚገባው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደው ሲመረመሩ የሱ ኩላሊት ለእሷ ገጠመ። ጎኑን ሊያስቀድድላት የቆረጠ ወንድም ነው እንግዲህ። የቀረው የሕክምናው ወጪ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ እንደ ዘመኑ ሰው ሁሉ ቪዲዮ ተቀርጾ በስልክ ይለቀቅ ተባለ። የሚቀርጽ ሰው ከሩቅ አልተፈለገም። ፀደንያ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እትዬ በዛወርቅ ናት፤ ሥራዋም ገበያው አጠገብ ካለው ከጋሽ ጣሰው ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው።

ጋሽ ጣሰው ሥራ ሲያስተምሯት ስለ ካሜራ ብዙ አልነገሯትም። «ካሜራ ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ዶሮም አላት» ይሉ ነበር። «ሥራው ያለው መብራቱ ላይ ነው።» ሠርግ ቤት ይዘዋት እየሄዱ፣ ሙሽሮቹ እስኪመጡ ድረስ ባዶ ወንበር ላይ ያስቀምጧትና መብራቱን ያዞሩባታል። ዋናው መብራት ፊት ለፊት አይደቀንም፤ ወደ ጎን ፈንጠር፣ ከዓይንም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ፊትን የሚሠራው እሱ ነው። ረዳቱ መብራት በወዲያኛው ጎን ሆኖ ጥላውን ይለማመጠዋል እንጂ አይገድለውም፤ ጥላው ጨርሶ ከሞተ ፊት እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ሦስተኛው ከጀርባ ሆኖ ትከሻንና ጸጉርን ነካ አድርጎ ሰውየውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። «ሌላው ሁሉ ዕቃ ነው። ዕቃ ከሌለ መስኮት አለ፤ አንሶላ አለ። ብቻ አደራሽን፣ ከሰው አናት በላይ መብራት እንዳታንጠለጥዪ። ዓይኑን ቀበርሽው ማለት ነው።» ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚሏት፤ የሃይማኖት ነገር ይመስል።

ዛሬ መብራት የለም። ትናንት ንፋሱ ዛፍ ጥሎ ሽቦውን በጥሶታል አሉ። ፀደንያ ከሱቁ ያመጣችው ፓናል፣ ያ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ የሆነው የባትሪ መብራት፣ አለ፤ ግን አልፈለገችውም። እንሰቱ ጓሮ በኩል ያለው መስኮት ይበቃታል። ሰማዩ ደፍኗል፤ የደፈነ ሰማይ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከመድኃኒት ይቆጠራል፤ ፀሐይዋን በትልቅ ነጠላ እንደ መሸፈን ነው፤ ጥላውን ያለሰልሰዋል። ወንበሩን ከመስኮቱ ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠች። በወዲያኛው በኩል ነጭ አንሶላ ከወንበር ወንበር ዘረጋች፤ የመስኮቱን ብርሃን ተቀብሎ መልሶ እንዲሰጥ። የጓሮውን በር ደግሞ ከኋላ ገርበብ አደረገችው፤ ለጸጉሯ። የሳሎኑን ግድግዳ እትዬ በዛወርቅ ራሷ ባለፈው ዓመት ሰማያዊ ቀለም አስቀብታው ነበር፤ ቀለም በጣም ተወደደ ብላ ከወገብ በታች ያለውን ትታዋለች። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲቀረጽ ግን አይታይም።

እትዬ በዛወርቅ ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ኃይለመስቀል ስልኩን ዘግቶ እየገባ ነበር፤ አያትና ባለበት ቆመ። የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጸጉሯን ጎረቤት አስጠርታ ሹሩባ ተሠርታለች፣ ዓይኗን ተኩላለች፣ የወርቅ ጉትቻዋን አድርጋለች።

«ምነው እንዲህ ተኳኳልሽ?»

«ሰው ሊያየኝ አይደለም እንዴ? ወይስ በሌሊት ልብሴ ልውጣላችሁ?»

«አይ፣ እንደ ታመመ ሰው ማለቴ…»

«መታመሜን ሐኪሙ ነግሮኛል። ቀሚሴ ምን አደረገህ?»

ይህችን ሴት የቦንጋ ገበያ ያውቃታል። በማንኪራ በኩል የሚመጣውን የጫካ ማር ስትሸጥ፣ ሌሎቹ «ቅመሱልኝ፣ ነይ እናቴ፣ ና ወንድሜ» እያሉ ሲጣሩ፣ እሷ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ዋጋ ያወረደባት ገዢ ካለ ባልዲውን ትከድንና ወደ ሌላ ታያለች። «ማሬ ካማረህ ትገዛለህ፣ ካላማረህ አልለምንህም» ነው ንግግሯ። ገዢው ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ያቺ ሴት ናት እንግዲህ ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው። ፀደንያ «አገጭሽን ትንሽ ቀና አድርጊው፣ እንዲያ፣ በቃ» አለቻትና በካሜራው አየቻት። የመስኮቱ ብርሃን በግንባሯና በጉንጯ ላይ እንደ ለብታ ፈሰሰ፤ አንሶላው እብጠቱን አቅፎ አሳረፈው፤ ከኋላ የገባችው ቀጭን ብርሃን ሹሩባዋንና ጉትቻዋን ነካች። ፀደንያ ይህንን ፊት ታውቀዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሩቅ፣ ከማር ባልዲዎቹ በላይ ታየው የነበረው ፊት ነው።

«በዛወርቅ እባላለሁ» አለች እትዬ በዛወርቅ ለካሜራው። «ኩላሊቴን ታምሜአለሁ። ወንድሜ የራሱን ይሰጠኛል፤ እናንተ ለሕክምናው አግዙኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድን እመልሳለሁ።»

«እመልሳለሁ ምን ይባላል!» አለ ኃይለመስቀል። «ብድር አደረግሽው እኮ!»

«ታዲያ በነፃ ነው የምወስደው?»

ፀደንያ ሳቀች፤ እትዬ በዛወርቅም ሳቀች፤ ኃይለመስቀል ግን አልሳቀም። የካሜራዋን ትንሽ መስታወት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ተመለከተ፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ተመለከተ። ከዚያ ስልኩን አወጣና የሌላ ሰው ቪዲዮ ለፀደንያ አሳያት፤ ከሌላ አገር የሆነ ሰውዬ፣ አልጋ ላይ፣ ዓይኑ እንደ ጉድጓድ የገባ። «ለዚህ ሰውዬ ገንዘቡ ቶሎ ነው የሞላለት» አለ በሹክሹክታ። «ያንቺ በጣም ያምራል። ችግሩም እሱ ነው። ልጅ ልትድር የተቀመጠች ነው የምትመስለው።»

«ጋሼ፣ እትዬ እኮ እንደዚህ ሰውዬ አይደለችም።»

«ናት እንጂ! ከእጥበት ስትወጣ አንቺ አላየሻትም፤ እኔ ነኝ የማያት። መኪና ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስትመጣ ፊቷ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማውቀው። ዋሺ አላልኩሽም፣ ፀዲ። ያንን ፊት አምጪልኝ ነው ያልኩሽ።»

እናንተዬ፣ እውነት ሁለት ሲሆን ሰው በየትኛው ይማል? ዝናቡ አባርቶ ከእንሰቱ ቅጠል ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ቀድማ የተንቀሳቀሰችው እትዬ በዛወርቅ ናት፤ እነሱ አልሰማችም ብለው ያንሾካሾኩትን ሁሉ ሰምታለች። እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና አንዱን ጉትቻ ፈታች፤ ቀጥላ ሌላውን። መዳፏ ላይ ትንሽ ያዘቻቸውና ጠረጴዛው ላይ ያለችው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ሻሽ አምጥታ ሹሩባውን ሸፈነችው። ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ኩሉ ተዥጎረጎረ። «እንዴት ነው የሚደረገው?» አለች ፀደንያን። «እንዴት ነው የምታሳምሚኝ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ኃይለመስቀል ምን እንደሚፈልግ እንጂ እንዴት እንደሚመጣ አያውቅም። የምታውቀው ፀደንያ ብቻ ናት። መስኮቱን ዘጋች። በሩን ዘጋች። አንሶላውን አጥፋ በሱ ፈንታ ጥቁሩን ብርድ ልብስ ዘረጋች፤ ጥቁር ነገር የቀረችውን ብርሃን ይጠጣል እንጂ አይመልስም። ፓናሉን አበራች፤ ብርሃኑን የሚያለሰልሰውን ነጭ ጨርቅ ከላዩ ገፈፈችው፤ ማቆሚያውን እስከ መጨረሻው ስባ ልክ ከእትዬ በዛወርቅ አናት በላይ አንጠለጠለችው። «አገጭሽን ዝቅ አድርጊ» አለቻት፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። አገጯ ዝቅ ሲል ዓይኖቿ ጠፉ። ባሉበት ቦታ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ቀሩ፤ የጉንጭ አጥንቷ ወጣ፤ ሞልቷል የተባለው ፊት ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ሰማያዊው ግድግዳ ከኋላዋ ጠቆረ። የሚያስከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ እጇ ሥራውን ወደደው። ጥላው ከአፍንጫዋ በታች አልወርድ ብሎ ነበር፤ ፀደንያ ማቆሚያውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበችው። ያኔ ወረደ። ልክ እንደ ሙሽራ ተጠንቅቃ ነው የሠራቻት።

ቃሉንም ኃይለመስቀል አሳጠረው። «እመልሳለሁ» ወጣ፤ «ድረሱልኝ» ገባ። እትዬ በዛወርቅ «ድረሱልኝ» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ከሕመሙ ይሁን ከቃሉ አልታወቀም፤ ይህቺን ቃል በሕይወቷ ተናግራት አታውቅም።

ሲያበቃ ሁለቱንም አሳዩኝ አለች። ሁለተኛውን እስከ መሃሉ አይታ እጇን አወዛወዘች፤ በቃኝ ማለቷ ነው። የመጀመሪያውን ግን እስከ መጨረሻው አየችው፤ ሳቋ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንዲመለስላት አደረገች። «ያንን ሁለተኛውን ላኩት» አለች። «ይቺን ለብቻዋ አስቀምጪልኝ።» ለምን እንደሆነ አልነገረቻቸውም። ኃይለመስቀል ቦት ጫማውን ለማጥለቅ ጎንበስ አለ፤ ሲጎነብስ ጎኑን ይዞ ነበር፤ ገና ያልተቀደደውን ጎኑን።

ሱቁ ጄኔሬተር ስላለው ሥራው የተጠናቀቀው እዚያ ነው። ጋሽ ጣሰው ከኋላዋ ቆመው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተመለከቱት። ሙዚቃ እንጨምርበት ያለችው ለወጉ ነው፤ «አያስፈልገውም» አሏት። ቆይተው «መብራቱን ማን አቆመው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል» አሉና ጄኔሬተሩ ቤንዚን ጨረሰ ብለው ወጡ። ቤንዚኑ ግን አላለቀም ነበር። ፀደንያ የባንክ ቁጥሩን ከእትዬ በዛወርቅ አገጭ ሥር ጽፋ ለኃይለመስቀል ላከችለት፤ እሱ ለቢሮ ሰዎች ላከ፤ የቢሮ ሰዎች ለዘመድ አዝማድ፤ ከሰዓት በኋላ ለጉርድ ፎቶ የመጣ ተማሪ ተራውን እየጠበቀ ይህንኑ ሲያይ አየችው። የተማሪውን ፎቶ ስታነሳ መብራቱን ሦስት ጊዜ አስተካከለችለት። «ለመታወቂያ ነው እኮ፣ እህቴ» አላት ልጁ ግራ ገብቶት።

ሊመሽ ሲል ሱቁን ዘግታ ባጃጅ ያዘች። ባጃጁ የሰሚር ነው፤ መንገድ ላይ የምታውቀው፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። ከኋላ አንዲት ወይዘሮ አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ተቀምጣለች። ሰሚር ሒሳብ ጨምሯል፤ ወይዘሮዋ «ነዳጅ የጨመረው ለናንተ ብቻ ነው እንዴ? እኛስ በምን እንሄዳለን?» ብላ ስታጉረመርም፣ እሱ መሪው አጠገብ ከሰካው ስልክ ላይ ቪዲዮውን ከፈተ። የእትዬ በዛወርቅ ድምፅ ባጃጁን ሞላው።

«እዚሁ የኛው ከተማ ሰው ናት አሉ» አለ ሰሚር።

ወይዘሮዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «እኔን! ማር ትሸጥ የነበረችው አይደለችም? ኧረ አይደለችም፤ ያቺ መልከ መልካም ነበረች።» ከንፈሯን መጠጠች። «ብትሆንስ። ይቺ አልቃለች። ዓይኗን አታየውም? የመቃብር ዓይን ነው። ቀድመው ቢሉን ኖሮ አንድ ነገር ነበር፤ አሁን ምን ይደረጋል?»

«እኔ እንኳን የቻልኩትን ልኬያለሁ» አለ ሰሚር ጉድጓዱን እየሸሸ። «ለሕክምናው ባይደርስ ለቀብሯ ይሆናል ብዬ ነው።»

ፀደንያ በፕላስቲኩ መጋረጃ ወደ ውጭ አየች፤ ጉም ጫካውን ሸፍኖ ወደ ከተማው እየወረደ ነበር። ስልኳ ውስጥ የጠዋቷ እትዬ በዛወርቅ አለች፤ ጉትቻዋን አድርጋ፣ ስድን እመልሳለሁ ብላ የምትስቅ። ኧረ አላለቀችም፣ እዩአት ብላ አሁኑኑ ብታሳያቸው ደስ ባላት። ግን እንዴት ተደርጎ? ሰው ሁለቱን ቢያይ ምን ይላል? ጠዋት በወርቅ፣ ቀን በሞት፤ አጭበርባሪዎች ይባላሉ፤ የሰጠው ይጸጸታል፣ ያልሰጠውም ይስቃል። ያን ጊዜ ነው እትዬ በዛወርቅ ለምን ለብቻዋ አስቀምጪልኝ እንዳለች የገባት። ያቺ ምስል የምትወጣበት ቀን አንድ ቀን ብቻ ነው። ድንኳን ሲተከል፣ ለቀስተኛ ሲቀመጥ፣ የሟች ፎቶ አምጡ ሲባል። እስከዚያ ድረስ መልከ መልካሟን እትዬ በዛወርቅ ማንም አያያትም። «እዚህ ጋ ወራጅ» አለች፤ ቤቷ ገና ቢሆንም።

በእግሯ ስትደርስ መብራት መጥቷል። ሳሎኑ መሃል፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራው ኮርኒስ ላይ፣ አምፖሉ ያለ ምንም ሽፋን ተንጠልጥሎ ይበራል። ኃይለመስቀል ስልኩን ሰክቶ ከመሰኪያው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ ይጮሃል፣ ያየዋል፤ ይጮሃል፣ ያየዋል። «እየገባ ነው» አላት፤ ደስ ያለውም ያፈረም ይመስላል። እትዬ በዛወርቅ መስኮቱ ጋ፣ የጠዋቱ ወንበሯ ላይ ናት። የአምፖሉ ብርሃን እዚያ ሲደርስ ይደክማል፤ ከሰማያዊው ግድግዳ ተመልሶ ነው ፊቷን የሚያገኘው፤ ሻሿን አውልቃለች፣ ዓይኗን ታጥባለች። የቆርቆሮ ሣጥኗ ጭኗ ላይ ተከፍታ፣ አንዱን ጉትቻ አድርጋ ለሁለተኛው ቀዳዳውን እየፈለገች ነበር።

«ምን አሉ?» አለች ቀና ሳትል።

«አለቀሱ፣ እትዬ።»

«ማን?»

«ያየው ሁሉ።»

እትዬ በዛወርቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ገዢ ዋጋ ሲነግራት እንደምትነቀንቀው ነው፤ እሺም እንቢም የለበትም። ከውጭ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። የአጥሩ በር ሲጢጥ አለና በርከት ያለ የሴቶች ድምፅ ጭቃውን እየረገጠ መጣ፤ የእድር ሴቶች ናቸው። አንዷ ገና ከአጥሩ ጀምራ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያለች ታለቅሳለች። ኃይለመስቀል ተነሣ፤ ወደ እህቱ አየ፤ ጉትቻውን አየ። «አውልቂው» የሚለው ቃል ግን ከወንድም አፍ አይወጣም።

ደግሞም መናገር አላስፈለገውም። እትዬ በዛወርቅ የያዘችውን ጉትቻ ሣጥኑ ውስጥ መለሰች፤ ያደረገችውንም ፈትታ ከጓደኛው ጋር አስተኛችው፤ ክዳኑን ከደነች። ሻሿን አነሳችና ግንባሯ ድረስ አሰረች።

«ፀዲ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ወንበሬን ወደ መሃል ሳቢልኝ።»

ፀደንያ ወደ መሃል አየች፤ ከዚያ ወደ ላይ። ከኃይለመስቀል ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገናኘት ጎንበስ ብላ የወንበሩን እግር ያዘች፤ እትዬ በዛወርቅም እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከብዳት ተነሥታ ከወንበሩ ጋር መጣች። ሲሚንቶው ላይ የወንበሩ እግር ጮኸ። ልክ ከአምፖሉ ሥር ሲደርሱ እትዬ በዛወርቅ «ይበቃል» አለችና ተቀመጠች። አናቷ ላይ ያለውን ብርሃን አንዴ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ አገጯን ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገች፤ ዓይኖቿ ጠፉ።

«እንዲህ ነው አይደል?» አለች።

«ቤቶች!» አለ ድምፅ ከበሩ ሥር። ፀደንያ ሄዳ ከፈተች።